የጎጎ ዶረቲ ኃጢአተኛ አያት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሊዲያ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ሳሎን ውስጥ ኮምፒውተር ከፍታ ተቀምጣ ነበር። ባልደረባዋ ነጭ ናት፤ ቅድመ አያቶቿ ከእንግሊዝ የመጡ ናቸው አሉ፣ እነሱን ፍለጋ ጀምራለች። ከሱቅ ገብቼ ጫማዬን እያወለቅኩ ሰላም ብያቸው ላልፍ ስል ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ቡኒ ወረቀት፣ ወደ ቀኝ የተጋደመ ቀጭን የእጅ ጽሑፍ፣ ጠርዙ ላይ የውሃ እድፍ። የድሮ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ የተጠመቀው፣ የተጋባው፣ የተቀበረው ሁሉ የሚጻፍበት።

"ባባ፣ ምነው? ደህና ነህ?" አለችኝ ሊዲያ።

ለካ ቆሜ ቀርቻለሁ፤ አንዱን ጫማ አውልቄ አንዱን እንዳጠለቅኩ።

"እንዲህ ያለ መዝገብ ሳነብ ከርሜ አውቃለሁ" አልኳት። ሁለቱም ሳቁ። ጆሃንስበርግ የተወለደ ልጅ አባቱ ብርድ ልብስ ከመሸጥ ሌላ የሚያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ተናድጄ ሻይ ላፈላ ወደ ኩሽና ገባሁ። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር ግን ንዴቴ ጠፍቶ ጎጎ ዶረቲ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከሆሳዕና ተነስቼ እዚህ የደረስኩበትን መንገድ መተረክ አልወድም፤ ብቻ ደረስኩ። የያዝኩት ሥራ እኛ "ሎኬሽን መውጣት" የምንለውን ነው፤ ብርድ ልብስና አልጋ ልብስ ተሸክሞ ከከተማው ወጣ ባሉ የጥቁሮች ሰፈሮች ቤት ለቤት እያንኳኩ መሸጥ። "ሳኡቦና ማማ!" ብሎ በዙሉ ሰላምታ መጀመር፣ ከዚያ ውሻው እንዳይነክስ መጸለይ።

የምኖረው ጀፕስታውን ውስጥ በአንድ አሮጌ ቤት ጓሮ ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ከበረንዳው ጥግ አንድ ትልቅ የሎሚ ዛፍ። የቤቱ ባለቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ነጭ ሴት ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ወደ ሰሜኑ የከተማው ክፍል ሲሄዱ እሳቸው "ሎሚዬን ማን ያጠጣልኛል?" ብለው ቀሩ። ስማቸው ዶረቲ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን ጎጎ ይላቸው ነበር። ጎጎ ማለት በዙሉ አያት ማለት ነው። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን አፌ ምንም ቢል በልቤ አንቱ እላቸው ነበር፤ አሁን በአማርኛ ሳወራው ይኸው ወጣልኝ።

ክረምት ነበር፤ የእዚህ አገር ክረምት፣ ሐምሌ፣ ዝናብ የሌለበት ደረቅ ብርድ። ዛንድስፕሩት ከሚባለው ሎኬሽን ስንመለስ ኋላዋ ክፍት የሆነች፣ እዚህ ባኪ የሚሏት የጭነት መኪና ላይ ከብርድ ልብሱ ክምር ጫፍ ተቀምጬ ስዘፍን፣ መኪናዋ ስትታጠፍ እኔ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። እግሬ ተሰበረ። "ስድስት ሳምንት እንዳትረግጥበት" ብለው በጀሶ ጠቅልለው ላኩኝ። ጓደኞቼ ማታ ማታ ይጠይቁኛል፤ ቀኑን ሙሉ ግን እኔና ጀሶዬ ብቻ።

ጎጎ በየቀኑ ጠዋት የተጠበሰ ዳቦ ከሎሚ ማርማላታ ጋር፣ ከሰዓት ደግሞ የቲማቲም ሾርባ ይዘው በዳበሳ ጓሮውን ተሻግረው ይመጣሉ። ዓይናቸው እየደከመ ነው። "መሃሉ ጠፍቶብኛል" ይሉኝ ነበር፤ "ዳር ዳሩን ብቻ ነው የማየው። ፊትህን አላየውም፣ ጆሮህን ግን አየዋለሁ።" ሾርባው ጨውም በርበሬም የለበትም፤ እሳቸው ፊታቸውን ሲያዞሩ ሚጥሚጣ እነሰንስበታለሁ። አንድ ቀን አሸተቱና ቅመሱ አልኳቸው። እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ ሳህኑን ጨረሱት።

በሦስተኛው ቀን ሾርባውን ብቻ ሳይሆን አንድ የካርቶን ሳጥንም ይዘው መጡ።

"ማቲው፣ ማንበብ ትችላለህ?"

ስሜ ማቴዎስ ነው፤ እሱን ተውኩት። ጥያቄው ግን ከነከነኝ። "አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ!" አልኳቸው።

"እንግዲያው ዓይን ሁነኝ።"

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዘራቸው የመጣበት የአንድ የእንግሊዝ ገጠር ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ፎቶ ኮፒ ነበር፤ ከእንግሊዝ በፖስታ ያስመጡት። ሦስት ዓመት በማጉያ መነጽር ሲያነቡ ከርመው አሁን መነጽሩም እምቢ ብሏል። ጽሑፉን እግዜር ያሳያችሁ! ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ቀን አንድ ገጽ ለማንበብ እስከ ምሳ ፈጀብኝ። እየቆየ ግን የጸሐፊዎቹን እጅ ለየሁ፤ አንደኛው ቸኩሎ የሚጽፍ፣ አንደኛው ቀለም የሚያንጠባጥብ።

አንድ ቀን እረፍት ስናደርግ "እናንተስ አያቶቻችሁን እንዴት ታውቃላችሁ?" አሉኝ። ቀላል ነው ብዬ አባቴን ሄራሞ፣ አያቴን ላፌቦ፣ ቅድመ አያቴን ኤርጋኖ እያልኩ በጣቴ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩላቸው። ዘመዱን ሳያውቅ እንዳያገባ ሁሉም ሰው እንደሚቆጥር ነገርኳቸው።

"ያለ ወረቀት?"

"ያለ ወረቀት።"

"እናቶቹስ?"

ከአያቴ ወዲያ የአንዲት ሴት ስም አላውቅም። "እኔ የምፈልገው ሴት ነው" አሉ ጎጎ፣ ከዚያም የሚፈልጉበትን ምክንያት ነገሩኝ።

አንዲት ታናሽ እህት አለቻቸው፤ ማርጋሬት፣ እሳቸው ማጊ የሚሏት። ማርጋሬት በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳታገባ አረገዘች። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሹም፣ ኮሌታቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። "በዚህ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም" ብለው ከነሻንጣዋ አስወጧት። ጎጎ ዶረቲ በመስኮት ሆነው አዩ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። እህትየዋ ደርባን ሄዳ ሴት ልጅ ወለደች፣ አሳደገች። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ደብዳቤ ትጽፍ ነበር፤ አባትየው መልስ እንዳይጻፍ ከለከሉ። እሳቸው ሲሞቱ ደግሞ ጎጎ አፈሩ። አርባ ዓመት ሆነው።

"ባዶ እጄን ምን ብዬ እጽፍላታለሁ?" አሉኝ። "ከአያቶቻችን መሃል እንደሷ ሳታገባ የወለደች አንዲት ሴት ባገኝ፣ 'አባባ ተሳስቷል፣ ተመልከች፣ አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም' እላት ነበር። ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ። ዳር ዳሩንም ቢሆን።"

አንጀቴን በሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኃጢአተኛ ፍለጋ ሌት ተቀን ሆነ ብል ማጋነን አይሆንም። እኔ የወንጌል አማኝ ቤተሰብ ልጅ፣ እናቴ ብታየኝ ምን ትል ነበር? የሞተች ሴት አጥፍታ እንድትገኝ እየጸለይኩ ነበር እኮ!

በሦስተኛው ሳምንት አርብ ዕለት ተገኘች። አስቀድሜ ጥምቀቱን ነበር ያነበብኩት፤ የቶማስና የሜሪ ልጅ አን፣ በፌብሩዋሪ ወር ተጠመቀች። አንን ጎጎ ያውቋታል፤ ቅድመ አያቶቻቸውን ሲቆጥሩ የሚያቆሙት እሷ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ሌላ ገጽ ሳነሳ ቶማስና ሜሪ ተጋቡ ይላል። ወሩ ሜይ። ዓመተ ምሕረቱን አየሁ፤ ያው ነው። ልጅቱ በፌብሩዋሪ፣ ሠርጉ በሜይ፣ በአንድ ዓመት!

"እንደገና አንብብልኝ" አሉ ጎጎ። አነበብኩ። "እንደገና።" አነበብኩ። ተነሥተው አቀፉኝ፣ ጀሶዬን ረግጠው አስጮሁኝ፣ ሳቁ፣ አለቀሱ። "ሜሪ! ሜሪዬ! የተባረክሽ ባለጌ!" ይላሉ። እዚያው ደብዳቤ አጻፉኝ። እኔ በእጄ ጻፍኩት፤ ጥምቀቱን ከነወሩ ከነዓመቱ፣ ሠርጉን ከነወሩ ከነዓመቱ፣ ከሥሩ ደግሞ "እህትሽን ዶረቲን ናፍቀሻታል" የሚል። ፖስታው ታሸገ፣ ጎጎ ከዘመድ ያገኙት የደርባን አድራሻ ተጻፈበት፣ ቴምብር ተለጠፈበት። ሰኞ ይላካል ተባለ።

እሁድ ጠዋት ጎጎ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ በእግሬ ምክንያት ጉባኤ ቀርቶብኛል፣ ሥራ ፈትቻለሁ። አልጋው ላይ የተበታተኑትን ገጾች በተርታ ላስቀምጥ አልኩ። ኮፒ ያደረገው ሰው ጥግ ጥጉ ላይ ቁጥር ጽፎባቸዋል። የሠርጉ ገጽ ቁጥሩ ያንሳል፣ የጥምቀቱ ይበልጣል። ሰውዬው ተሳስቶ ነው ብዬ ሳቅኩበት። በተርታ ማንበብ ስጀምር ግን ዲሴምበር አልቆ ጃንዋሪ ገባ፤ ዓመተ ምሕረቱ አልተለወጠም። ፌብሩዋሪ ገባ፤ አልተለወጠም። አዲሱ ዓመት የተጻፈው ማርች ሊያልቅ ሲል ነው። በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው፣ ከዚያም በሚቀጥለው።

እንግሊዛዊ ቢሆን ግራ ይጋባ ነበር ይሆናል። ጎጎ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያነቡ ልብ አላሉትም፤ ዓመት በጃንዋሪ ካልሆነ በሌላ ወር ይለወጣል ብሎ ማን ያስባል? እኔ ግን ዓመቱ በመስከረም የሚለወጥበት አገር ልጅ ነኝ። እዚህ ከመጣሁም ወዲህ ስንትኛው ዓመት ነው ሲሉኝ የቱን ልንገራችሁ እያልኩ ነው የምኖረው። ገጹን ሳየው ወዲያው ገባኝ። እነዚህ ሰዎች አዲስ ዓመታቸው በማርች ነው። ስለዚህ ያ ፌብሩዋሪ ከሠርጉ በፊት የነበረው ሳይሆን ከሠርጉ በኋላ የመጣው ነው።

ክው አልኩ። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት... ዘጠኝ ወር። ሜሪ እንደ ማንኛዋም ጨዋ ሙሽራ በወጉ አግብታ፣ በወጉ አርግዛ፣ በወጉ ወልዳለች። ከኃጢአቷ ቅንጣት አልቀረም። የጎጎ አባት ትክክል ናቸው። ደብዳቤው ደግሞ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ታሽጎ ተቀምጧል።

ጎጎ መዝሙር እያንጎራጎሩ ተመለሱ። "ለቄሱም ነገርኳቸው!" አሉኝ ከበሩ ሳይገቡ። "ሳቁ! አርባ ዓመት እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም፣ ማቲው።" ኬክ ይዘውልኝ መጥተዋል። "ጎጎ" አልኩ። "ወዬ?" አሉ፤ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው፣ በዓይናቸው ዳር ሊያዩኝ እየሞከሩ። ኬኩን ዋጥኩት፣ ቃሉንም ዋጥኩት።

ሰኞ ወደ ፖስታ ሳጥኑ ሄድን። አቤት የዚያን ቀን ንፋስ! የኦገስት ንፋስ ከድሮዎቹ የወርቅ ማዕድን የአፈር ቁልል ቢጫውን አቧራ እያነሳ ፊታችን ላይ ይበትነዋል። አንድ የማያይና አንድ የማይራመድ፣ እኔ በክራንች፣ እሳቸው ክንዴን ይዘው። ጥግ ላይ ያሉት ሚኒባስ ታክሲ ነጂዎች "ጎጎ፣ አዲስ ባል አገኘሽ?" እያሉ ተሳለቁብን። ሳጥኑ ጋ ስንደርስ ጎጎ ቀዳዳውን በእጃቸው ፈልገው አጡት።

"አንተ ክተትልኝ" አሉና ፖስታውን ሰጡኝ።

ፖስታውን አገላበጥኩት። የጻፍኩት እኔ፣ ያነበብኩት እኔ፣ ሐሰት መሆኑን የማውቀው እኔ። ከከተትኩት እህትየዋ አንድ ቀን ትደርስበታለች፤ "አርባ ዓመት ቆይታ በውሸት መጣችብኝ" ብላ ለዘላለም ትዘጋባቸዋለች። ካልከተትኩት ደግሞ ጎጎ ሌላ ሜሪ የሚፈልጉበት ዓይን የላቸውም።

"ገባ?" አሉኝ።

ለቀቅኩት። "ገባ" አልኳቸው።

ከዚያ የነበረው ጊዜ ለጠላቴም አይስጠው። ጀሶዬ ተፈታ፣ ሎኬሽን መውጣት ጀመርኩ፤ ግን ከሰዓት በኋላ ልቤ እዚያ ሰፈር አይቆምም፤ እየሮጥኩ ተመልሼ የፖስታ ሳጥናችንን አያለሁ። ባዶ። ጎጎ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። "ሥራ በዝቶባት ይሆናል" ይላሉ። ሴፕቴምበር አለፈ። ኦክቶበር ጃካራንዳው መንገዱን ሁሉ ሐምራዊ አደረገው፤ ጎጎ ቀለሙን አያዩም፣ የረገፈው አበባ እግራቸው ሥር ሲፈነዳ ግን ይሰማሉ። "አላመነችኝም ማለት ነው" አሉኝ አንድ ቀን፤ እኔ ከእሳቸው በላይ ሆድ ባሰኝ።

ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ዝናብ ሊወርድ ደመናው ሲከብድ፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ትንሽ ሻንጣ ይዘው ከበሩ ቆሙ። ሎሚውን እየቆረጥኩ ነበር። ማንነታቸውን አልጠየቅኩም፤ አገጫቸው የጎጎ አገጭ ነው።

ጎጎ የበሩን ድምፅ ሰምተው ከበረንዳው ተነሱ። "ማን ነው?"

ሴትየዋ ደረጃውን ወጥተው የጎጎን እጅ አነሱና ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። ጎጎ ግንባሩን ዳሰሱ፣ አፍንጫውን ዳሰሱ፣ አገጩ ላይ ደረሱ። "ማጊ!" አሉ። ተቃቅፈው መሬት ተቀመጡ። ሎሚውን እንደያዝኩ ወደ ጓሮ ሸሸሁ፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ማታ እራት በልተን ጎጎ ጋደም ሲሉ፣ ማርጋሬት ሳህን ያጥባሉ፣ እኔ አደርቃለሁ። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ የገጾቹን ቁጥር፣ ማርችን፣ መስከረምን፣ ዘጠኝ ወሩን። "ሜሪ ንጹሕ ናት" አልኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጎጎ አያውቁም። እባክዎ አይቀየሟቸው።"

ማርጋሬት እጃቸውን ከውሃው ሳያወጡ ሳቁ። ድምፃቸውን አፍነው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ።

"ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እንግሊዞች ድሮ አዲስ ዓመታቸው በማርች ነበር። ደብዳቤውን እንደከፈትኩ ነው የገባኝ።"

"ታዲያ ለምን መጡ?"

ሳህኑን አቀበሉኝ። "አርባ ዓመት የጠበቅኩት አያት አይደለም። ደብዳቤ ነው" አሉ። ሌላ ሳህን እያጠቡ ደግሞ "ሁለት ወር ከምናምን የቆየሁት ልናደድ ወይስ ልምጣ እያልኩ ነው። መናደዱ ሰለቸኝ" አሉኝ። ለእህታቸው እንንገራቸው ወይ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሜሪዋን አትውሰድባት። ወዳታለች።"

በማግሥቱ ጎጎ የቤተሰቡን ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ አስወጡኝ። ከፊቱ ባለው ባዶ ቅጠል ላይ አባታቸው የዘሩን ስም ሁሉ በጥቁር ቀለም ጽፈዋል፤ ማርጋሬትን በአንድ መስመር ሰርዘዋቸዋል፤ ልጃቸው ጭራሽ የለችም። "ጻፊ" አሏቸው ጎጎ። ማርጋሬት እጃቸውን አጣጠፉ። "የልጄን ስም እኔ አልጽፍም። ያልጻፋት ቤት ይጻፋት።"

ጎጎ አያዩም። ስለዚህ ብዕሩን እኔ ያዝኩ፤ ጎጎ እጃቸውን በእጄ ላይ ደረቡ። ተሰርዞ ከነበረው ሥር ማርጋሬት ብለን እንደገና ጻፍን። ከሥሯ ልጇን ሄለንን። ከሄለን ሥር ገና ሦስት ዓመት የሆናትን የሄለንን ልጅ ግሬስን፣ ከነልደት ቀኗ። መጨረሻ ላይ መዝገቦቹ ላይ እንዳየሁት የተጻፈበትን ቀንና ዓመት አሳምሬ አኖርኩበት። ሁለቱም እህትማማቾች ያለቅሱ ነበር። ገና ሳይመሽ ዝናቡ ወረደ፣ ቆርቆሮው ጮኸ፣ መነጋገርም አልተቻለ።

ከሳምንት በኋላ ጎጎ ቤቱን ዘግተው ከእህታቸው ጋር ደርባን ገቡ፤ መጽሐፍ ቅዱሱም አብሮ ሄደ። በዚያው ሰሞን አንድ ቢሮ ሄጄ ፎርም ስሞላ ጸሐፊዋ "ዓመቱን ተሳስተሃል" ብላ መለሰችልኝ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ። መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ የግሬስን ልደት በእነሱ አቆጣጠር ጽፌ፣ የተመዘገበችበትን ዓመት ግን እጄ ለምዶ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ያሰፈርኩት! ሰባት ዓመት ወደ ኋላ። ልጅቷ ሳትወለድ አራት ዓመት ቀድማ ተመዝግባለች።

ሻዩን ይዤ ሳሎን ስገባ ይህን ሁሉ ለሊዲያና ለባልደረባዋ አወራኋቸው። ባልደረባዋ አፍንጫዋን እየጠራረገች ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ሊዲያ ግን የእኔው ልጅ ናት፣ አታልፍም። "ለጎጎ እውነቱን ነግረሃቸው አታውቅም ማለት ነው? አንተ? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው?"

"አልነገርኳቸውም።"

"አይጸጽትህም?"

አሰብኩበት። በሕይወቴ የሚጸጽተኝ የተናገርኩት ነው፤ ለእናቷ፣ ለወንድሞቼ፣ ለእሷም። ያ ዝምታ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጸጸተኝም። ጎጎ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲያርፉ ማርጋሬት በስልክ ነግረውኛል፤ የመጨረሻው ሰሞን ጨርሶ አያዩም ነበር፣ የእህታቸውን ፊት ግን በእጃቸው ያውቁታል።

አሁን የማስበው ግሬስን ነው። ዛሬ ትልቅ ሴት ሆናለች። ሰው ሁሉ ዘሩን በሚፈልግበት በዚህ ዘመን እሷም አንድ ቀን ያን ቅጠል ገልጣ፣ ጣቷን ስሟ ላይ አድርጋ ዓመቱን ስትደምርና ስትቀንስ ይታየኛል። "ይሄ ጸሐፊ ሰክሮ ነበር እንዴ?" ትል ይሆናል። አልሰከርኩም፣ ግሬስ። ዓመቱን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ስምሽን ግን ጎጎ ዶረቲ እጄን ይዘው ነው ያጻፉኝ።